መንዙማ፦ ባርነት ወይስ ነፃነት?

ምስጋና ሁሉ የዓለማት ጌታ ለሆነው ለአላህ (ሱ.ወ.) የተገባ ነው። ሶላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይሁን።



በመውሊድ ሰሞን ወይም ረመዳን ሲቃረብ በኮልፌ አሥራ ስምንት ማዞሪያ ወይም በእፎይታ ገበያ በኩል ያለፈ ሰው መንዙማ ሳይሰማ አያልፍም። ከሱቁ፣ ከሻይ ቤቱ፣ ከታክሲው ውስጥ ይሰማል። አንዱ ራሱን እየነቀነቀ ያዳምጠዋል። ሌላው «ቢድዓ ነው» ብሎ ፊቱን አዙሮ ያልፋል። ሁለቱም ወንድማማቾች ናቸው፤ አዛን ሲባልም ወደ አንድ መስጂድ ነው የሚገቡት። ይህ ጽሑፍ ለሁለቱም የተጻፈ ነው። ጥያቄውም አንድ ነው፦ መንዙማ ሰውን ነፃ ያወጣዋል ወይስ ያስረዋል?

ጥያቄውን የማነሳው ከዳር ቆሜ አይደለም። ከሠላሳ ዓመት በፊት እኔም ፊታቸውን አዙረው ከሚያልፉት አንዱ ነበርኩ። ያንን ኋላ እመለስበታለሁ። አስቀድሜ ግን የምንነጋገርበትን ነገር በውል እንወቀው።

መንዙማ ምንድን ነው?

ቃሉ ከዓረብኛው «ነዘመ» የመጣ ነው። ዶቃን በክር እንደመሰካት፣ ነገርን በሥርዓት ማሰናኘት ማለት ነው። ግጥም ቃልን የሚሰካ ስለሆነ ስሙ ተሰጠው። በአገራችን መንዙማ በብዙ ቋንቋ ይባላል። በአማርኛ ይባላል፤ በኦሮምኛ፣ በስልጢኛ፣ በዓረብኛም ይባላል። የአማርኛው መንዙማ እናት አገር ግን ወሎ ነው። የወሎ ዑለማዎች ቁርኣኑንና ኪታቡን በዓረብኛ አስተማሩ። ይሁን እንጂ ገበሬው፣ እረኛው፣ ወፍጮ ላይ ያለችው ሴት ዓረብኛ አያውቁም። ስለዚህ ሸሆቹ የተውሒዱን፣ የሲራውን፣ የሞቱንና የአኼራውን ትምህርት በአማርኛ ግጥም አድርገው ሰጧቸው። ግጥሙንም በዓረብኛ ፊደል ጻፉት፤ ይህም «አጀም» ይባላል። ዓረብኛው ፊደል ለአማርኛው ድምፅ ሁሉ ስለማይበቃ አንዳንዴ ነጥብ እየጨመሩ፣ አንዳንዴም በተቀራራቢ ፊደል እየተኩ ነው የጻፉት።

አሠራሩም የራሱ ወግ አለው። መንዙማ በአላህ ምስጋና ይከፈታል፤ ሶላትና ሰላም በነቢዩ ላይ ያወርዳል። ከዚያ ወደ ጉዳዩ ይገባል። ጉዳዩ ውዳሴ ሊሆን ይችላል፤ ተግሣጽ፣ ታሪክ፣ ወይም ድርቅና በሽታ ሲመጣ፣ ግፈኛ ሲነሳ ወደ አላህ የሚቀርብ እሮሮም ሊሆን ይችላል። መጨረሻው ዱዓ ነው። አንዱ አውራጅ ግጥሙን ያወርዳል፤ የተቀመጠው ሰው ሁሉ አዝማቹን ይቀበላል። ድቤ ይመታል፤ ጭብጨባ አለ። እንግዲህ ውድ አንባቢያን፣ ይህን ቃል ልብ በሉልኝ፦ «ይቀበላል»። መንዙማ ተቀምጠው የሚሰሙት ነገር ሆኖ አልተፈጠረም። የሚቀበሉት ነገር ነው። የሚቀበለውም ሰው በገዛ አፉ «እኔም እንዲሁ እላለሁ» ብሎ የሚመሰክር ነው።

በጭንቅ ቀን የተገኘ ድምፅ

መንዙማ ያደገው በተድላ ዘመን ብቻ አይደለም። በ1870 ዓ.ም. በቦሩ ሜዳ ጉባዔ ከተደረገ በኋላ አፄ ዮሐንስ 4ኛ የወሎ ሙስሊም ሃይማኖቱን እንዲለውጥ አስገደዱ። መሳፍንቱ ተጠመቁ፤ ኢማም ሙሐመድ ዓሊ ሚካኤል ተብለው ኋላ ንጉሥ ሚካኤል የሆኑት በዚያን ጊዜ ነው። ሕዝቡም ከፊሉ ተሰደደ፤ ከፊሉ ተዋጋ፤ ከፊሉም ቀን ክርስቲያን፣ ሌሊት ሙስሊም ሆኖ ኖረ። በዚያ ወቅት ከተነሱት ዑለማዎች አንዱ ሸኽ ጦልሃ ቢን ጃዕፈር ናቸው። ሸኽ ጦልሃ አስገዳጁን አዋጅ በመቃወም ጦር ይዘው ታግለዋል። እኚሁ ሰው ናቸው በአጀም የተጻፉ የአማርኛ መንዙማዎችን የተዉልን። ፕሮፌሰር ሑሴን አሕመድ ስለ 19ኛው ክፍለ ዘመን ወሎ ባደረጉት ጥናት የሸኽ ጦልሃን ስም የታሪክ ተማሪ ሁሉ እንዲያውቀው አድርገዋል።

እስኪ ይህን ከኮልፌ ጋር አያይዘን እንየው። በ1954 ዓ.ም. ኔልሰን ማንዴላ ወታደራዊ ሥልጠና የወሰዱት እዚሁ ኮልፌ፣ በፈጥኖ ደራሽ ፖሊስ ሠፈር ነው። ለነፃነት ጠመንጃ ሊማሩ መጡ። ነገር ግን አገራቸው እንደተመለሱ ተያዙ፤ ከዚያ በኋላ 27 ዓመት በእስር ቆዩ። በእስር ቤት ጠመንጃ አብሮ አይገባም። ሰው ወደ እስር ቤት ይዞት የሚገባው በልቡ ያለውን ብቻ ነው። ሸኽ ጦልሃም ይህን አውቀው ይመስለኛል ሁለቱንም የያዙት። ጦሩ አጥር ለመጠበቅ ነው። መንዙማው ግን አጥሩ ፈርሶ እንኳ ሰውየው እንዳይፈርስ ነው። በሌሊት፣ በር ተዘግቶ፣ በዝቅተኛ ድምፅ የሚባል ዜማ ማንም ሊያጠምቀው አይችልም።

ሪብዒ ቢን ዓሚር (ረ.ዐ.) በቃዲሲያ ዘመቻ ጊዜ በፋርሱ የጦር አዛዥ በሩስቱም ፊት ቆመው «ምን አመጣችሁ?» ሲባሉ የሰጡት መልስ ይታወቃል። ሐሳቡም፣ ሰዎችን ለሰው ባሪያ ከመሆን አውጥተን የባሮች ጌታ ለሆነው ለአንዱ አላህ ባሪያ እንዲሆኑ ልናደርግ መጣን ነው። በእስልምና ነፃነት ማለት ይህ ነው። ጌታ የሌለው ሰው የለም። ሰው አንዱን ጌታ ካላወቀ የገንዘብ፣ የሹም፣ የሰው ፊት፣ የገዛ ስሜቱ ባሪያ ይሆናል። አንዱን ያወቀ ከሌላው ሁሉ ይፈታል። እንግዲህ የመንዙማም መለኪያ ይኸው ነው የምለው። ሰውን ወደ አንዱ ጌታ ካደረሰ ነፃ አውጥቶታል። ካላደረሰ ድምፁ ምንም ቢያምር ሌላ ሰንሰለት ነው።

ወደ ቤታችን ልመልሳችሁ

ከላይ እመለስበታለሁ ያልኩት ይህ ነው። በ1985 ዓ.ም. የፕሬስ ነፃነት አዋጅ ከወጣ ወዲህ የሙስሊሙ መጽሔት፣ መጽሐፍና ካሴት እንደ ልብ ሆነ። እኔም በዚያን ጊዜ ወጣት ነበርኩ፤ ያገኘሁትን ሁሉ አነብ ነበር። አንድ ቀን መንዙማን የሚያወግዝ ትንሽ ጽሑፍ አነበብኩ። ማታ ኮልፌ ቤታችን ስገባ እናቴ ቡና አፍልታ፣ እጣን አጭሳ፣ ቴፑን ከፍታ ትቀበላለች። ቴፑን አጠፋሁት። ካሴቶቿ አራት ነበሩ፤ ሰብስቤ በካርቶን አድርጌ አልጋ ሥር ከተትኳቸው። ሐዲሱን ነገርኳት፤ ቁርኣኑን ነገርኳት። እናቴ አልተቆጣችም። «አንተ ተምረሃል፤ እኔ ምን አውቃለሁ ልጄ» ብላ ስኒዋን ማጠብ ጀመረች። ከዚያን ቀን ጀምሮ ቤታችን ዝም አለ። ቡናው ይፈላል፤ ጀበናው ይወርዳል፤ ድምፅ የለም። እኔም ቤቱ የጸዳ መሰለኝ።

ከጥቂት ወራት በኋላ ተውሒድ ላስተምራት ተነሳሁ። «እማዬ፣ ላ ኢላሀ ኢለላህ ማለት ምን ማለት ነው?» አልኳት። እንደማታውቀው እርግጠኛ ነበርኩ። እሷ ግን ሽሮ እየነፋች ቀና እንኳ ሳትል፣ «ከሱ በቀር የሚፈራ የለም፣ ከሱ በቀር የሚለመን የለም፣ ከሱ በቀር የሚቀር የለም ማለት ነው» አለችኝ። ደነገጥኩ። እኔ ሦስት ኪታብ ገልጬ ያገኘሁትን ነው የተናገረችው። «ማን አስተማረሽ?» አልኳት።

«መንዙማው ነዋ!» አለች።

ከዚያም ነግራኝ የማታውቀውን ነገረችኝ። ከወሎ በልጅነቷ መጥታ አዲስ አበባ ሰው ቤት ተቀጥራለች። ዘመኑ የንጉሡ ዘመን ነው። ሙስሊሙ «በኢትዮጵያ የሚኖሩ ሙስሊሞች» እንጂ «ኢትዮጵያውያን ሙስሊሞች» የማይባልበት፣ ዒዱ እንኳ የሕዝብ በዓል ያልነበረበት ጊዜ ነው። ሙስሊሙ ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. በአዲስ አበባ አደባባይ ወጥቶ እኩልነቱን የጠየቀው በዚህ ምክንያት ነበር። የቤቱ እመቤት ስሟን በሌላ ስም ለውጣባት ነበር። ለሶላት ቦታም ጊዜም አልነበራት። «ሰግጄ የማላውቅባቸው ቀኖች ነበሩ፤ አላህ ይማረኝ» አለች። «ግን በርበሬ ስደልዝ፣ ልብስ ሳጥብ፣ አባቴ የሚያወርደውን መንዙማ በአፌ ሳይሆን በአፍንጫዬ እለው ነበር። ቃሉን ብለው ይሰሙኛል። ዜማውን ግን ምን ብለው ይከለክሉኛል? እነሱ ልጅቷ ደስ ብሏታል ይላሉ። እኔ ያ ረቢ እያልኩ ነው። ስሜን ወሰዱት እንጂ እኔን አልወሰዱኝም።»

ውድ አንባቢያን፣ ይህን ከሰማሁ በኋላ ያደረግኩት ታወቀኝ። የዚያች ቤት እመቤት እንኳ ያልቀማቻትን እኔ ልጇ በዲን ስም ቀምቻታለሁ። በዚያው ቀን ካርቶኑን አወጣሁት።

ለማኝ ለማኝን አይለምንም

ነገሩ በዚህ ቢያበቃ ኖሮ «መንዙማ ሁሉ መልካም ነው» ብዬ በጻፍኩ ነበር። ግን በዚህ አላበቃም። ካሴቱን ከፈተች፤ እንደ ቀድሞው መቀበል ጀመረች። እኔም ጥግ ይዤ አዳምጣለሁ። አንድ ቦታ ሲደርስ ዝም አለች። ግጥሙ አለፈ፤ እንደገና መቀበል ጀመረች። ሌላም ቦታ እንዲሁ ሆነ። «እማዬ፣ ለምን ዘለልሽው?» አልኳት። «ይሄን እኔ አልልም» አለች። «እዚህ ጋ ሸኹን ስጡኝ ይላል። ሸኹ ደግ ሰው ነበሩ፤ አላህ ይዘንላቸው። ግን እሳቸውም ለማኝ ናቸው። ለማኝ ለማኝን ይለምናል?»

ከእኔ በፊት፣ ካነበብኩት ጽሑፍም በፊት፣ እናቴ ሃያሲ ነበረች። እኔ ሁሉንም ጣልኩ፤ ሌላው ሁሉንም ይውጣል። እሷ ግን በዝምታዋ ለየች። የሚያስገርመው ደግሞ ለመለየት የተጠቀመችበትን ሚዛን የሰጣት ያው መንዙማው መሆኑ ነው። የተውሒዱ ስንኝ የማይሆነውን ስንኝ እንድትጥል አስተማራት።

ይህ ሚዛን ከየት እንደመጣ ስፈልግ ኢማም አሕመድ በሙስነዳቸው ከአነስ (ረ.ዐ.) የዘገቡትን ሐዲስ አገኘሁ። ሐበሾች በአላህ መልእክተኛ (ሰ.ዐ.ወ.) ፊት እየዘለሉ በራሳቸው ቋንቋ ያዜሙ ነበር። ነቢዩ ምን እንደሚሉ ጠየቁ። ትርጉሙ ተነገራቸው፤ ሙሐመድ ደግ ባሪያ ነው የሚል ነበር። አስተውሉ! እነዚያ ወገኖቻችን በዓረብኛ አላሉም፤ በራሳቸው አንደበት አሉ። ነቢዩም የሚሉትን ጠየቁ እንጂ በቋንቋቸው አልነቀፏቸውም። ያወደሱበት ቃል ደግሞ ጌታ፣ ንጉሥ፣ ጀግና የሚል አልነበረም። ባሪያ የሚል ነበር። ሐበሻ ለነቢዩ ያዜመው ውዳሴ ከባርነት ማዕረግ የማያልፍ ነበር ማለት ነው።

ለነቢዩም ከዚህ የበለጠ ማዕረግ የለም። አላህ በኢስራእ ምዕራፍ መክፈቻ ላይ ከመስጂደል ሐራም ወደ መስጂደል አቅሷ የተወሰዱበትን ሌሊት ሲያወሳ የጠራቸው ባሪያው ብሎ ነው። ቡኻሪ ከዑመር (ረ.ዐ.) በዘገቡት ሐዲስም ነቢዩ ክርስቲያኖች የመርየምን ልጅ እንዳላቁት እኔን ከልክ በላይ አታልቁኝ፣ የአላህ ባሪያና መልእክተኛ በሉኝ የሚል ማስጠንቀቂያ ሰጥተዋል። እናቴ ይህን ሐዲስ በቁጥሩ አታውቀውም ነበር። ግን ኖራበታለች።

ግጥምን ራሱን ለሚጠላ ወንድሜም አንድ ነገር ልበል። በሹዐራእ ምዕራፍ መጨረሻ ላይ ባለቅኔዎች ተወቅሰዋል፤ እውነት ነው። ነገር ግን እዚያው ላይ ያመኑት፣ መልካም የሠሩት፣ አላህን በብዛት ያወሱት፣ ከተበደሉም በኋላ የተከላከሉት ተለይተዋል። ሐሳን ቢን ሣቢት (ረ.ዐ.) በነቢዩ መስጂድ ግጥም ይል ነበር። በኸንደቅ ጉድጓድ ሲቆፈርም ነቢዩ ራሳቸው አፈር እየተሸከሙ የዐብደላህ ቢን ረዋሓን ስንኞች ከባልደረቦቻቸው ጋር ይሉ ነበር። ስለዚህ «ግጥም ስለሆነ» ተብሎ የሚጣል ነገር የለም። የሚጣለውም የሚያዘውም በያዘው ነገር ነው።

ሁሉን ለሚውጠው ወንድሜም ልበል። መውደድ መተቸትን አይከለክልም። በ13ኛው ክፍለ ዘመን ግብፃዊው አል-ቡሲሪ የደረሰው ቡርዳ በሙስሊሙ ዓለም እጅግ ከተወደዱት ቀሲዳዎች አንዱ ነው። ታሞ ግማሽ አካሉ ሽባ ሆኖ ሳለ እንደደረሰውና እንደዳነበት ይነገራል። ይህ ሁሉ ፍቅር እያለ ግን አንዳንድ ስንኞቹ ልክ አልፈዋል ብለው የተከራከሩ ዑለማዎች አሉ፤ የተከላከሉለትም አሉ። ቡርዳ ይህን ካስተናገደ የእኛ መንዙማ የማያስተናግድበት ምክንያት የለም።

የዛሬው መንዙማ

አሁን ካሴቱ ቀርቷል። መንዙማ በስልክ ነው ያለው፤ በዩቱብ ነው ያለው። ይህ በራሱ ክፉ አይደለም። ጅዳ ወይም ቤይሩት ሰው ቤት የምትሠራ እህታችን፣ እናቴ በአፍንጫዋ ያለችውን ዛሬ በጆሮዋ ማዳመጫ ትሰማዋለች። ይህ ትልቅ ጸጋ ነው። ሆኖም ሦስት ነገር ያሳስበኛል።

አንደኛ፣ ድምፁ ቃሉን እየዋጠው ነው። በመሣሪያ የወፈረ፣ በማሚቶ የተከበበ ድምፅ ይሰማል። ግጥሙን ግን ቁጭ ብላችሁ ጻፉት ብትባሉ የሚጻፍ ብዙ አይገኝም። በአሮጌው መንዙማ ውስጥ ስንት የተውሒድ፣ ስንት የሲራ ትምህርት ነበር! በአዲሱ ውስጥ አንድ ስም ሃያ ጊዜ ተደጋግሞ ቤት ይመታል።

ሁለተኛ፣ ውዳሴው ወደ አዚያሚው እየዞረ ነው። የጥንቱ ሸኽ በግጥሙ ውስጥ ራሱን ሲያነሳ «ደካማው፣ ኃጢአተኛው» ብሎ ነው። ዛሬ ካሜራው ከአዚያሚው ፊት አይነሳም። ነቢዩን ለማወደስ የተሠራ ሥራ አልቆ በልባችን የሚቀረው የልብሱ ቀለም ከሆነ ነገሩ ተገልብጧል።

ሦስተኛውና ከሁሉ የሚከፋው ተቀባይ መጥፋቱ ነው። እኛ ሰሚ ሆነናል። አዝማቹን የሚቀበሉት ስቱዲዮ ውስጥ ተቀርጸው የቀሩ ድምፆች ናቸው። ሰሚ ደግሞ አይመርጥም፤ የመጣለትን ይሰማል። እናቴ ነፃ የሆነችው ተቀባይ ስለነበረች ነው። የምትቀበል ስለሆነች አለመቀበልም ትችል ነበር። አፏን የማይከፍት ሰው አፉን መዝጋቱ በምን ይታወቃል?

በጥንቱ ላይም ዝም አልልም። በጫት ተጀምሮ በጫት የሚያልቅ፣ ሱብሒ የሚያስረሳ ሌሊት ነበር፤ አሁንም አለ። ሰውን ከሶላት ያስቀረ መንዙማ ስለ ነቢዩ ቢሆንም ነቢዩን አልታዘዘም። ይህን ለማለት ኪታብ መግለጥ አያስፈልግም።

ስለዚህ ውድ አንባቢያን፣ ለመንዙማ ወዳጅም ለመንዙማ ጠላትም አንድ መመዘኛ አቀርባለሁ። ድምፁ ካቆመ በኋላ ራሳችሁን ተመልከቱ። ልባችሁ ወደማን ዞሯል? ሰውን መፍራት ቀንሶላችኋል ወይስ ጨምሯል? ለውዱእ ተነሳችሁ ወይስ ሌላ መንዙማ ፈለጋችሁ? መልሱ የግጥሙን ዋጋ ይነግራችኋል።

እናቴ ዛሬ በኮልፌ የሙስሊሞች መካነ መቃብር ናት። የመጨረሻዎቹን ቀናት ብዙ አትናገርም ነበር። አንድ ሌሊት አጠገቧ ተቀምጬ ሳለ ያንን የልጅነት ዜማ ስታንጎራጉር ሰማኋት። ቃል የለውም፤ እንደዚያ ቤት ጊዜ በአፍንጫዋ ነበር። እኔም ምን ማድረግ እንዳለብኝ ጠፋኝና፣ ከሠላሳ ዓመት በፊት ቴፑን ያጠፋሁት እኔ፣ አዝማቹን ቀስ ብዬ ተቀበልኳት። ዓይኗን ከፍታ አየችኝ። «አሁን አወቅከው» አለች፤ ከዚያም ሸሃዳዋን አለች።

አላህ ሆይ! እሷንና ያለፉትን እናቶቻችንንና አባቶቻችንን ማርልን። ቀብራቸውን አብራላቸው። እኛንም ከሰው ባርነት፣ ከስሜታችንም ባርነት አውጥተህ የአንተ ደጋግ ባሮች አድርገን። በነቢያችን ሙሐመድ ላይ ሶላትና ሰላም አውርድ። አሚን።

ወላሁ አዕለም።